መደዳ የሌለው ሱቅ፦ የኦንላይን ሻጮች መደጋገፍ ጥቅሙና ድንበሩ

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ብቻውን አይነግድም። ዝርዝር ሲያጣ ከጎን ሱቅ ይዘረዝራል። ለሶላት ሲወጣ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ይሄዳል። ደንበኛ የጠየቀው ቁጥር ሲያልቅበት ‹‹አንዴ ጠብቁኝ›› ብሎ ከአጠገቡ ያመጣል። ሐሰተኛ ብር የያዘ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ሲዞር ወሬው ከሰውዬው ቀድሞ ይደርሰዋል። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፤ በመደዳ መነገድ በራሱ የሚያመጣው ጥቅም ነው።

በቴሌግራም ቻናል ዓባያና ሒጃብ የምትሸጥ እህት ግን መደዳ የላትም። ዕቃዋ ያለው መኝታ ቤቷ ነው፤ ደንበኞቿ ያሉት ስልኳ ውስጥ ነው፤ ክፍያዋ የሚገባው በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። ሲያታልሏት የሚያይላት ጎረቤት የለም፤ ገበያው ሲለወጥ ቀድሞ የሚነግራትም የለም። የሱቅ ኪራይ ባለመክፈሏ ለወራት ያተረፈችው ገንዘብ በአንድ ሐሰተኛ ደረሰኝ ሊሄድ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የኦንላይን ሻጮች እርስ በርስ የሚመሠርቱት ስብስብ ይህን ጉድለት እንዴት እንደሚሞላ፣ እንዴት እንደሚመሠረት፣ ከየት ሲያልፍ ደግሞ ወደ ጥፋት እንደሚለወጥ እናያለን።

ስብስቡ ምንድን ነው?

የሻጮች ስብስብ ስንል ዕቃ የሚለጠፍበትንና ገዢ የሚገባበትን ቻናል ማለታችን አይደለም። ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ሥራ የሚሠሩ፣ በስምና በአካል የሚተዋወቁ፣ መረጃ ወይም ዕቃ ወይም የማድረሻ ወጪ የሚጋሩ ሻጮችን ማለታችን ነው። ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ለወሬ ይሆናል እንጂ ለአደራ አይሆንም። አደራ የሚቻለው የአንዱን ቤት ሌላው በሚያውቅበት ቁጥር ነው፤ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ቢበዛ ሠላሳ።

ለሀገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድርም ዕቁብም የቆሙት በዚሁ መሠረት ነው፦ መተዋወቅ፣ ዋስትና፣ በቀጠሮ መገናኘት። አዲሱ ነገር ሥራው ወደ ስልክ መግባቱ ብቻ ነው።

መገናኛ ለምን ተስማሚ ሆነ?

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መገናኛ ለዚህ ዓይነት ንግድ የሚመች ቦታ ነው። ከቦሌ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከገርጂ፣ ከሲኤምሲና ከኮተቤ የሚመጡ ታክሲዎች እዚያ ይገናኛሉ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደውና በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በዚያው ያልፋል። ሾላ ገበያ ቅርብ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚነሡበት ላምበረት መናኸሪያም ሩቅ አይደለም፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላለ ደንበኛ ዕቃ መላክ ይቀላል።

ስለዚህ ‹‹መገናኛ እንገናኝ›› የሚለው ቀጠሮ ለሻጭም ለገዢም ቀላል ነው። ሁለቱም በአንድ ወይም በሁለት ታክሲ ይደርሳሉ፤ ቦታው ሰው የማይጠፋበት በመሆኑ የማይተዋወቁ ሰዎች ዕቃና ገንዘብ ለመለዋወጥ ብዙም አይፈሩም። በአካባቢው ባሉት ሕንፃዎች ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎችም ዕቃቸውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ስለሚያሳዩ፣ ቤት ውስጥ የሚሸጠውና ሱቅ ያለው የሚገናኙበት ስፍራ ሆኗል። በሳምንት አንድ ቀን በአካል መገናኘት ለሚፈልግ ስብስብ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

የመጀመሪያው ጥቅም፦ ከማጭበርበር መጠበቅ

የኦንላይን ሻጭን ኪስ ቶሎ የሚጎዳው ሐሰተኛ የክፍያ ማስረጃ ነው። አሠራሩ በጥቂት መንገድ ይለያያል። አንደኛው ቀድሞ የተከፈለ ደረሰኝ ስክሪንሾት ወስዶ ስሙን፣ ቀኑንና የብሩን መጠን መቀየር ነው። ሁለተኛው የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ከተራ ስልክ ቁጥር መላክ ነው። ሦስተኛው ‹‹በስህተት ብር ገብቶልሃልና መልስልኝ›› የሚል ጥሪ ነው። አራተኛው የቴሌብር ወይም የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ የሚስጥር ቁጥር መጠየቅ ነው። ሻጩ ራሱ ከአስመጪ ሲገዛ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ የሚጠፋም አለ።

የሁሉም መከላከያ አንድ ነው፦ ከገዢው ስልክ ላይ በሚታይ ነገር አለመተማመን። ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት ሻጩ የራሱን መተግበሪያ ወይም አካውንት ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ያያል። የቴሌብር መልእክት ከ127 መምጣቱን ያረጋግጣል፤ መልእክቱ ቢመጣም ሂሳቡን ያያል። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም።

ይህን ማንም ብቻውን ሊያደርገው ይችላል። ስብስብ የሚጨምረው ፍጥነትን ነው። አጭበርባሪ በአንድ ዘዴ አንድ ሻጭ ብቻ አታሎ አያቆምም፤ ያዋጣውን ዘዴ ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ጠዋት ገርጂ የደረሰው ነገር ከሰዓት በፊት ለኮተቤዋ ሻጭ ከተነገረ ሁለተኛው ሙከራ ይከሽፋል። ካልተነገረ ግን እያንዳንዱ ሻጭ ያንኑ ትምህርት በየራሱ ገንዘብ ይገዛል። ከተታለሉ በኋላ በሐፍረት ዝም ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ሳያፍሩ የሚናገሩበት ቦታ መኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥቅም፦ ዕቃ መጋራት

አንድ ደንበኛ በቻናሉ ላይ ያየውን ጫማ በ42 ቁጥር ይፈልጋል፤ ሻጩ ጋር ያለው 40 እና 41 ነው። በስብስቡ ውስጥ 42 ያለው ሰው ካለ ደንበኛው አይጠፋም። ለሻጮቹ አነስተኛ ካፒታል ለሁለት ሰው ይሠራል፤ ለገዢውም ከቻናል ወደ ቻናል መንከራተት ይቀርለታል።

እዚህ ላይ ግን ለሙስሊም ነጋዴ መጠንቀቅ ያለበት ጉዳይ አለ። በእጅ የሌለን ዕቃ እንዳለ አድርጎ መሸጥን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብን ሒዛም የተባሉት ሶሓባ በጠየቋቸው ጊዜ ከልክለዋል። ጥያቄያቸው ዛሬ ከምናየው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ሰው መጥቶ እኔ ጋር የሌለ ዕቃ ይጠይቀኛል፣ ሸጬለት ከዚያ ከገበያ ልግዛለት? ብዙ የኦንላይን ሻጭ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የሌላውን ፎቶ ይለጥፋል፣ ክፍያ ይቀበላል፣ ከዚያ ዕቃውን ፍለጋ ይወጣል። ዕቃው ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲጨምር ጠቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የስብስብ አሠራር ለዚህ ሐላል መውጫ ይሰጣል። አንደኛው ውክልና ነው፦ ሻጯ የጓደኛዋን ዕቃ በጓደኛዋ ፈቃድ፣ በታወቀ ኮሚሽን ታሻሽጣለች። ሁለተኛው መጀመሪያ ገዝቶ ከተረከቡ በኋላ መሸጥ ነው፤ ደንበኛው እስከዚያ ፍላጎቱን ይገልጻል እንጂ ገዝቷል አይባልም። ሦስተኛው የሰለም ውል ነው፦ ዓይነቱ፣ መጠኑና የመረከቢያ ቀኑ በግልጽ ተለይቶ ሙሉ ዋጋው አስቀድሞ ይከፈላል። የየራሳችሁ ሥራ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ለሚያውቅ ዓሊም ዘርዝሮ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስብስቡ ጥያቄውን አንድ ጊዜ በጋራ ቢጠይቅ መልሱ ለሁሉም ይደርሳል።

ሦስተኛው ጥቅም፦ የማድረሻ ወጪ

ከመገናኛ አያት ድረስ አንድ ሒጃብ ለብቻው ማድረስ ትርፉን ሊበላው ይችላል። የሦስት ሻጮች ዕቃ በአንድ አድራሽ ከሄደ ግን ወጪው ይከፋፈላል። በ2011 ክረምት የከተማ አስተዳደሩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ከከለከለ ወዲህ፣ ሕጋዊ ከሆነ አድራሽ ጋር በቋሚነት መስማማት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ብቻዋን በሳምንት አራት ዕቃ የምትልክ ሻጭ ዋጋ ለመደራደር አቅም የላትም፤ አሥራ አምስት ሻጮች በአንድነት ሲመጡ ይደመጣሉ።

አዝዞ ስልክ የማያነሣ ደንበኛም አለ። አድራሹ ሄዶ ሲመለስ ወጪው የሻጭ ነው። ይህ ሲደጋገም ስብስቡ የጋራ ደንብ ሊያወጣ ይችላል፤ ለምሳሌ ራቅ ላለ ሰፈር የማድረሻው ብቻ አስቀድሞ እንዲከፈል።

አራተኛው ጥቅም፦ ነገር ሲለወጥ

ባለፉት ዓመታት የኦንላይን ንግድን በአንድ ቀን የቀየሩ ነገሮች ደርሰዋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጧል። የካቲት 2 ቀን 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ተዘግተው የተከፈቱት በሐምሌ ነበር፤ አምስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ደንበኞቹን ሁሉ በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ያኖረ ሻጭ በእነዚያ ወራት ደንበኛውን መድረሻ አልነበረውም፤ ቪፒኤን ካልተጠቀመ፣ ቢጠቀምም ደንበኛው ካልተጠቀመ። የቋሚ ደንበኞች ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው በደብተር ላይ ያለው ሰው ግን መደወል ይችላል። ሱቅ ያለው የስብስቡ አባልም የጓደኞቹን ዕቃ በአካል ሊያሳይ ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዱባይና ከቱርክ የሚመጣ ልብስ የሚሸጥ ሰው የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ በድሮ ዋጋ የሸጥኩትን ዕቃ በምን ገንዘብ ልተካው? የመተኪያ ዋጋን ቀድሞ የሰማ ሻጭ ካፒታሉን ይጠብቃል፤ ሳያውቅ የሸጠ ‹‹ጥሩ ሸጥኩ›› ብሎ ግማሽ ዕቃ ብቻ ይተካል። ይህን መነጋገር ተገቢ ነው። በስንት እንሽጥ ብሎ መማማል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ረመዷንና ዒድም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚመጡ፣ ዕቃ የማዘዣው ጊዜ ካለፈው ዓመት ጋር አይገጥምም። የልምድ ባለቤት የሆነ አንድ አባል ‹‹ለዒድ የሚሆነው ዓባያ አሁን ካልታዘዘ አይደርስም›› ማለቱ ለጀማሪ ትልቅ ስንቅ ነው።

ገንዘብ፦ ዕቁብና ወለድ

የኦንላይን ሻጭ ዋስትና የሚሆን ንብረት ወይም የተደራጀ ሂሳብ ስለሌለው ከባንክ ገንዘብ ማግኘት ይከብደዋል። ከወለድ ነፃ ብቻ የሚሠሩት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ቢኖሩም፣ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ቢከፍቱም፣ ሁሉም ሰነድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የብዙዎች የመጀመሪያ ካፒታል ዕቁብ ነው።

ዕቁብ በመሠረቱ አባላት እኩል አዋጥተው በየተራ የሚወስዱት፣ ጭማሪ የሌለበት መበዳደር ነው። የሻፊዒይ መዝሀቡ ዓሊም ወሊዩዲን አል-ዒራቂ (በሂጅራ 826 የሞቱ) ሴቶች በመካከላቸው የሚያደርጉትን ተመሳሳይ መዋጮ ፈቅደዋል። በእኛ ዘመንም የሳዑዲ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት አብላጫው በሂጅራ 1410 የሠራተኞችን መሰል መዋጮ የተፈቀደ ነው ብሏል።

ችግሩ የሚመጣው ዕጣ ሲሸጥ ነው። ገንዘብ የቸኮለበት አባል የወጣውን የ50,000 ብር ዕጣ በ46,000 ብር ከሌላው ቢገዛና በኋላ 50,000ውን ቢለቅለት፣ ይህ ገንዘብን በበለጠ ገንዘብ መለወጥ ነው፤ ወለድ ነው። ስብስቡ ለተቸገረ አባል ተራ መቀያየርን መፍቀድ ይችላል፤ ጭማሪ ግን አይኑርበት።

ከሌሎች ልምድ

ነጋዴዎች በመረጃ መረዳዳታቸው ኢንተርኔት ያመጣው ነገር አይደለም። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋጢሚዮች ግዛት ከካይሮ እስከ ቱኒዝያና ሲሲሊ የሚነግዱ አይሁድ ነጋዴዎች የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ካይሮ ፉስጣጥ በሚገኝ ምኩራብ ተገኝተዋል። በደብዳቤዎቹ የዕቃ ዋጋ፣ የመርከብ መድረስና የወኪሎች ታማኝነት ይነገራል። በአንድ ከተማ አደራ የበላ ወኪል ስሙ በሌላው ከተማ ይሰማ ነበር። ይህ ማለት ፍርድ ቤት አያስፈልጋቸውም ነበር ማለት አይደለም፤ ሁለቱንም ይጠቀሙ ነበር።

በቻይና ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የዶንግፌንግ መንደር ደግሞ የቅርቡ ምሳሌ ናት። በ2006 እ.ኤ.አ. ሱን ሀን የተባለ ወጣት በታኦባኦ መሸጥ ጀመረ፤ የቤት ዕቃ ንግዱ ሲቀናው ጎረቤቶቹ ከእርሱ እያዩ ገቡበት። በ2009 እ.ኤ.አ. መንደሯ ‹‹የታኦባኦ መንደር›› ተብለው መጀመሪያ ከታወቁት ሦስት መንደሮች አንዷ ሆነች። ያደገችው በጎረቤት ትምህርት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት መደርደሪያ መሥራት ሲጀምር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ መሰባበር ነው። ይህ ለእኛም ይሠራል፦ አሥር ሻጮች ከአንድ አስመጪ አንድ ዓይነት ልብስ ከወሰዱ ስብስባቸው ብዙ አይቆይም። አንዷ በልጆች ልብስ፣ ሌላዋ በዓባያ፣ ሌላው በጫማ ቢለዩ ደንበኛ ይላላካሉ።

ድንበሩ የት ነው?

የሻጮች መሰባሰብ መመዘኛው ገዢው ነው። ሻጮቹን ጠቅሞ ገዢውን ካልጎዳ መልካም ነው። ገዢውን ጎድቶ ሻጮቹን ከጠቀመ ስሙ መደጋገፍ አይሆንም። በተለይ አራት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል።

አንደኛ፣ ዋጋ መማማል። ‹‹ከዚህ በታች ማንም እንዳይሸጥ›› ብሎ መስማማት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ዕቃ ደብቆ ዋጋ መጠበቅም በሸሪዓ የተወገዘው ኢሕቲካር ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሐሰት ምስክርነት። ጓደኛ ሳይገዛ ‹‹ገዝቼ በጣም ወድጄዋለሁ›› ብሎ መጻፉ በብዙ ግሩፖች እንደ ውለታ ይታያል። መግዛት ሳይፈልጉ ሌላውን ለማነሣሣት ዋጋ መጨመርን (ነጅሽ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ የሐሰት አስተያየትም ዓላማው ያው ገዢን ማሳሳት ነው።

ሦስተኛ፣ የሰው ስም ማጥፋት። ኢማም አን-ነወዊ ሐሜት ከሚፈቀድባቸው ስድስት ሁኔታዎች ውስጥ ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን ቆጥረዋል። ግን ማስጠንቀቂያው ከማስረጃ ጋር፣ ለሚመለከተው ሰው፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። ዋጋ ተከራክራ ሳትገዛ የሄደችን ደንበኛ ‹‹አታላይ›› ብሎ ፎቶዋን መበተን ግፍ ነው።

አራተኛ፣ የደንበኛ መረጃ። የገዢ ስልክ፣ አድራሻና ያዘዘው ዕቃ አደራ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ያለ ፈቃዱ እንደፈለጉ ማስተላለፍን ይገድባል። የደንበኛ ዝርዝር የስብስቡ የጋራ ሀብት አይደለም።

እንዴት ይጀመር?

በአምስት ወይም በስድስት ሰው መጀመር ይበቃል። አዲስ አባል የሚገባው ቢያንስ አንድ ነባር አባል ሲያውቀውና ሲዋስለት ይሁን። በወር አንድ ጊዜ በአካል መገናኘት አይቅር፤ በአካል የማይታይ ሰው አደራ ሲከብደው ዝም ብሎ ይጠፋል።

ዕቃ በአደራ ወይም በዱቤ ሲተላለፍ ይጻፍ። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው በቀጠሮ የሚከፈል ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ‹‹በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?›› የሚል ወዳጅነት የሚፈርሰው በወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀት ባለመኖሩ ነው። በስልክ የተላኩ መልእክቶችም አይጥፉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈግ ደንግጓል።

ክርክር ሲነሣ የሚዳኙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አስቀድመው ይሰየሙ። የተበላሸ ዕቃ የመመለሻ ደንባቸውም አንድ ይሁን፤ ደንበኛ ከየትኛው አባል ቢገዛ ምን እንደሚጠብቅ ይወቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥበት ሲያገኙ፣ ባለቤቱ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀውታል። ለኦንላይን ሻጭ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የተጫረው፣ የደበዘዘው፣ ቁጥሩ የሚጠበው ነገር በፎቶው ላይ ይታይ።

በመጨረሻም ፈቃድ። አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ጸና የንግድ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል፤ በስልክ መሸጥ ከዚህ ነፃ አያደርግም። ብዙ ጀማሪ ፈቃድና ግብር የሚፈራው አካሄዱን ስለማያውቀው ነው። ቀድሞ ያወጣ አባል የትኛው የንግድ መደብ እንደሚስማማ፣ ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ ቢያሳየው ፍርሃቱ ግማሹ ይቀላል። ፈቃድ ያለው ሻጭ ነገ ባንክ ፊት ለመቆምም፣ ሲበደል ለመክሰስም መብት አለው።

ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ የጓደኛ ሽያጭ የእኛን አይቀንስም። ይህን ያመነ ሻጭ የሚያውቀውን አይደብቅም፤ በጓደኛው ላይ የደረሰውን ጉዳት ሲሰማም ‹‹እንኳን እኔን አላገኘኝ›› ብሎ አያልፍም። የኦንላይን ሻጮች ጎረቤት የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው። አላህ የሁላችንንም ንግድ ሐላልና በረካ ያለው ያድርገው።